የቡና ሰዓትና ጎራ የለዩ ወጣት ሠራተኞቻችን

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጸሐፊዋ የተደረገ ንግግር። በዕለቱ ላልተገኙ አባሎች እንዲደርስ በኮሚቴው ውሳኔ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



ከሁሉ አስቀድሜ በዚህ ዝናብ፣ በዚህ ጭቃ ቤታችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። ለጸሐፊ የተያዘው ሰዓት የመዋጮ ሪፖርት የሚቀርብበት ነበር። ሪፖርቱ በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለሒሳብ ሹማችን ስለተሰጠ እሳቸው ያነቡላችኋል። እኔ ሊቀ መንበሩን አስፈቅጄ ስለ ሌላ ጉዳይ ጥቂት እናገራለሁ። ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም፤ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ያቆምኩት። ንግግሬ ቢንዛዛ ወይም ቢደጋገም ይቅርታ አድርጉልኝ።

ጉዳዩ የሚከተለው ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የተቀጠሩ ወጣት ልጆቻችን ጎራ ለይተው፣ ሁለት ሦስት ቡድን ሆነው፣ እርስ በርሳቸው መኮራረፍና መጠላለፍ አብዝተዋል። ዲግሪ ይዘዋል፣ ደመወዝ ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹም ትዳር ይዘዋል። ጠባያቸው ግን ገና የሰባተኛ ክፍል ልጅ ጠባይ ነው። "ከእሷ ጋር ከተነጋገርሽ እኔን አታናግሪኝ" የሚባባሉ ባለ ዲግሪዎች አሉን።

"ይሄ የቢሮ ነገር ነው፤ እድር ምን አገባው?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። አንድ ሁለቱ ገና ሳልጀምር እንዲህ ብለውኛል። እኔም እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ነበር የማስበው። እንደሚያገባን የተረዳሁት ነገሩ ከቢሮ ወጥቶ ሠፈራችን ድረስ ሲመጣ ነው። እሱን ነው የምነግራችሁ።

እንደምታውቁት እኔ የምተዳደረው በጀበና ቡና ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ግቢ ውስጥ ረከቦቴን ዘርግቼ ስሠራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አትጠይቁኝም። እዚህም እዚያም ያለ ነገር ስለሆነ አንዱን ለይቶ መውቀስ አይገባም። ቡና የምታፈላ ሴት ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ብዙ ታያለች። ሥራ አስኪያጁ ሰዎቹን የሚያያቸው ወንበራቸው ላይ ነው፤ እኔ ግን ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን ሲመጣ ወሬ እንደሚቋረጥ፣ ማን ከሄደ በኋላ ሳቅ እንደሚነሣ አያለሁ።

ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ይመጣሉ። አንደኛው ቡድን ከዛፉ ሥር ይቀመጣል፤ ሁለተኛው አጥሩን ተደግፎ። የዛፉ ቡድን ቀድሞ ከመጣ የአጥሩ ቡድን ፊቱን አዙሮ ውጭ ካለ ቡና ቤት ይሄዳል። እነሱ ቀድመው ከመጡም ያው ነው። በምን እንደተለያዩ ብትጠይቋቸው ራሳቸውም በደንብ አያውቁትም። አንዳንዱ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ስለተማሩ ነው፣ ሌላው ከአንድ አካባቢ ስለመጡ፣ ሌላው ደግሞ አንድ ጊዜ ለስልጠና ሲመረጡ አንዱ ሄዶ ሌላው ስለቀረ ነው። የአንድ ቀን አበል ያመጣው ኩርፊያ ሦስት ዓመት ሲቆይ አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ አዲስ ተቀጥራ መጣች። ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ቦንጋ ብዙ አዳዲስ ሰው ገብቶባታል። በዚያ ዓመት ኅዳር ወር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ካፋ፣ ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ አንድ ላይ ሆኑ። የክልሉም አስተዳደር መቀመጫ የኛው ከተማ ሆነች። ብዙ መሥሪያ ቤት ተከፈተ፤ ከየዞኑ ወጣት ሠራተኛ መጣ። ጓሮአችን የነበረችው ሰርቪስ ቤት ሁሉ ተከራየች፤ ጥቅሙ ለኛም ደርሶናል። ይህች ልጅ ከመጡት አንዷ ነበረች። ከሌላ ዞን ነች፤ እዚህ ዘመድ የላትም። እዚሁ ሠፈራችን አንድ ክፍል ተከራይታ ተቀመጠች።

በመጀመሪያው ቀን አራት ሰዓት ላይ ወጣች። ከዛፉ ሥር አንድ በርጩማ ባዶ ነበር። ልትቀመጥ ስትል አንደኛዋ "ሰው አለው" አለቻት። ልጅቱም "ይቅርታ" ብላ ቆማ ጠጣች። እኔ ማን እንደሚመጣ እየጠበቅኩ ነበር። አቦሉ አለቀ፣ ቶናው አለቀ፣ በረካው ተቀዳ፤ ማንም አልመጣም። በርጩማው እስከ መጨረሻው ባዶውን ዋለ። በማግሥቱ ወደ አጥሩ ሄደች። እነዚያ ደግሞ "ትናንት ከነዚያ ጋር ነበረች" ብለው ቀዘቀዙባት። በሦስተኛው ቀን በተላላኪ ቢሮዋ ድረስ ሲኒ አስመጣች። ከዚያም ከቤቷ ፔርሙስ ይዛ መምጣት ጀመረች፤ እኔ ጋ መምጣቱንም ተወችው።

ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ኩርፊያ ነው ብለን በተውነው ነበር። ግን ወደ ሥራው ገባ። በቴሌግራም የሚነጋገሩበት አንድ ግሩፕ አላቸው፤ ቀልዱም ሐሜቱም የሥራ መልእክቱም እዚያው ነው የሚወጣው። እሷን አላስገቧትም። ስብሰባ ተጠርቶ ሳትሰማ ቀረች፤ "ከስብሰባ ቀርተሻል" ተብላ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። ለአንዲት ጓደኛቸው ሠርግ ገንዘብ ሲያሰባስቡ አልነገሯትም፤ በኋላ "ለሠርግ እንኳን የማታዋጣ" ብለው አሟት። ስም አወጡላት። የወጣላትን ስም እዚህ አልደግመውም፤ በአካሄዷና በአነጋገሯ ላይ የወጣ ስም ነው። ስታልፍ አንዱ ያንን ስም በሹክሹክታ ይላል፣ ሌሎቹ ይስቃሉ።

አሁን የራሴን ልናገር። በድሮ ጊዜ በቀበሌ ስብሰባ ሂስና ግለሂስ የሚባል ነገር ነበር ይላሉ አባቶቻችን፤ እኔም ግለሂሴን ላቅርብ። ያ ስም ሲጠራ እኔም አንድ ሁለቴ ስቄአለሁ። ለምን? የዛፉ ቡድን ሰባት ሲኒ ነው የሚጠጣው፤ እሷ ደግሞ አንድ ሲኒ። ደንበኞቼን ማስቀየም አልፈለግሁም። "ሰው አለው" የተባለው በርጩማ የማን ነበር? የኔ ነበር! በገንዘቤ የገዛሁት በርጩማ ነው። "ተቀመጪ ልጄ፣ ሰው ሲመጣ ሌላ እናመጣለታለን" ማለት ስችል ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ሳስብ የምመለሰው ወደዚያች ዝምታ ነው።

እንግዲህ ነገሩ ወደኛ እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ፤ በሁለት መንገድ ነው የመጣው።

አንደኛው፣ የማኅበራችን አባል የሆነች እናት ባሏ ሞተባት። ሁላችንም ቀብረናል፤ ድንኳን የተከልነው እኛ ነን። የጡረታ አበሉ ወደ እሷና ወደ ልጆቿ እንዲተላለፍ ባሏ ይሠራበት ከነበረው መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ዘመን ማስረጃ አምጪ ተባለች። ማስረጃው እንዲጻፍ የሰውዬው ማኅደር ከመዝገብ ቤት መውጣት አለበት። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ከአንዱ ቡድን ናት፤ ደብዳቤውን የሚያዘጋጀው ልጅ ከሌላው። ቢሯቸው ፊት ለፊት ነው፤ በሩ ሲከፈት ይተያያሉ። እሷ "ማኅደሩን ከፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ" አለች። እሱ "ማኅደር ማቅረብ የሷ ሥራ ነው፤ አልለምናትም" አለ። ይህቺ እናት በሁለቱ በር መካከል ስድስት ሳምንት ተመላለሰች። "ነገ ተመለሺ" ሲሏት ትመለሳለች። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ አዝኖላት ለኃላፊው ነግሮላት ነው በአንድ ቀን ያለቀው። አንድ ቀን የሚበቃው ሥራ! ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። እዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ሁላችን ሣሩ ነን። የመሬት ጉዳይ፣ የግብር፣ የልደት ምስክር ወረቀት የማያስፈልገው ማን አለ? ወጣቶቹ በተኳረፉ ቁጥር ወረፋው የሚረዝመው በኛ ላይ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ያቺ አዲሷ ልጅ ታመመች፤ ታይፎይድ ነበር። ሦስት ቀን ከአልጋ አልተነሣችም። ከመሥሪያ ቤቷ "የት ጠፋሽ" ብሎ የደወለ የለም። እኛስ? ለታመመ ጎረቤት አጥሚት አፍልቶ የሚሄድ፣ ለለቅሶ ንፍሮ ቀቅሎ የሚያድር ማኅበር አይደለንም እንዴ? ነን። ግን እሷ በመዝገባችን ላይ የለችም። በመተዳደሪያ ደንባችን ላይ አባል የሚሆነው "በሠፈሩ ቤት ያለው" ነው የሚለው። እሷ ተከራይ ናት። በአራተኛው ቀን አከራይዋ በሩን ስታንኳኳ አግኝታት፣ ጎረቤት ጠርታ፣ በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረሰቻት። ዳነች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከዳነች በኋላ ግን ዝውውር ጠየቀች። ሲፈቀድላት ሻንጣዋን ይዛ ወደ መናኸሪያ ስትሄድ አግኝቻት አንዱን ጎን ይዤ ሸኘኋት። "ሥራው ከበደሽ እንዴ ልጄ?" አልኳት። "እትዬ፣ ሥራው አልከበደኝም፤ የከበደኝ የቡና ሰዓት ነው" አለችኝ። ምን ልበላት? ምንም አላልኩም።

ይህንን ከሠፈራችን ላሉ አንድ ጡረተኛ መምህር ነገርኳቸው። እሳቸውም በስዊድን አገር ይኖሩ የነበሩ ሐይንዝ ላይማን የሚባሉ ምሁር ይህንኑ ጉዳይ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጀምሮ እንዳጠኑት አጫወቱኝ። እኔ እንደገባኝ ምሁሩ የሚሉት እንዲህ ነው፦ ነገሩ ብዙ ጊዜ ከትንሽ አለመግባባት ይጀምራል። ኃላፊዎች አይተው እንዳላዩ ሲያልፉት ብዙዎቹ በአንዱ ላይ ይተባበራሉ። ሰላምታ መንፈግ፣ ሐሜት፣ ሥራ መደበቅ ይከተላል። ከዚያ ጥፋተኛው ራሱ ተበዳዩ ይመስላል፣ በመጨረሻም ሥራውን ለቆ ይወጣል። መምህሩ ሲያስረዱኝ በስዊድን ያለ ሰው የኔን ረከቦት አጠገብ ቆሞ ያየ ነው የመሰለኝ። የሰው ጠባይ የትም አገር አንድ ነው ማለት ነው። ይህ ግን "የትም ያለ ነው" ብለን እንድንተወው አይደለም። ምሁሩ የሚሉት መነሻ ላይ ተው የሚል ሰው ከተገኘ ነገሩ እዚያ አይደርስም ነው።

ለልጆቹም ልፍረድላቸው። ሁሉም ክፉ ሆነው አይደለም። ዕድሜያቸው ሃያ አራት፣ ሃያ አምስት ነው። ከቤታቸው ርቀው ይኖራሉ፤ ደመወዙ ከኪራይና ከምግብ አያልፍም። ቢሮ ሲገቡ ሥራውን የሚያሳያቸው የለም። ይፈራሉ። የፈራ ሰው ደግሞ የሚጠጋበት ይፈልጋል፤ ያገኘው ቡድን ውስጥ ይገባል። ከገባ በኋላ እንዳያስወጡት ብሎ የሚስቁበት ላይ ይስቃል። ከዛፉ ቡድን አንዱ ልጅ ብቻውን ሲሆን ለዚያች ልጅ ሰላምታ ይሰጣት ነበር፤ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን ግን አያያትም። ያ ልጅ በውስጡ ደህና ልጅ ነው፤ ብቻውን መሆን ነው የፈራው።

ጓደኝነትንም እየተቃወምኩ አይደለም። ተሰባስቦ መሥራት የኛው ባሕል ነው፤ በደቦ ያልታረሰ መሬት፣ በደቦ ያልተሠራ ቤት የት አለ? በካፋ ነገሥታት ዘመንም ሚክሬቾ የሚባሉ ሰባት አማካሪዎች እንደነበሩ አባቶቻችን ነግረውናል። ንጉሡ በትልቅ ጉዳይ ያለነሱ ምክር አይወስንም ነበር። እነሱም ቡድን ናቸው። ግን የተሰበሰቡት አገር ለመምከር ነው፤ ለሐሜት አልነበረም። ጓደኝነት ማለት ሰው ሲመጣ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ መስጠት ነው። ባዶ በርጩማ ላይ "ሰው አለው" ማለት ሲጀመር ጓደኝነት መሆኑ ይቀራል።

አሁን ወደሚከብደው ነገር ልምጣ። ልጆቻችን ይህንን ከየት ተማሩት? ዩኒቨርሲቲ ነው ያበላሻቸው የምትሉ አላችሁ። ስልክ ነው የምትሉም አላችሁ። እኔ ግን ሳስበው፣ ሰውን ከቡና ማራቅ በዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ከኛ ቤት የወጣ ነው።

የማንጆ ወገኖቻችንን ነገር ሁላችንም እናውቃለን። በአያቶቻችን ዘመን ማንጆ ወደ ቤት አይገባም፤ ደጅ ቆሞ በኮባ ቅጠል ነበር የሚሰጠው። ሲኒ አይጋራም። አብሮ መብላት ነውር፣ መጋባት ደግሞ የማይታሰብ ነበር። ሸክላ የሚሠሩትንና ቆዳ የሚያለፉትንም እንደዚሁ እናርቃቸው ነበር። በሸክላቸው ወጥ እየሠራን፣ ሠሪዎቹን ከማዕድ እናርቃለን! በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ እነሱም እንደሌላው ገበሬ መሬት አገኙ፣ በገበሬ ማኅበር ገቡ፣ አብሮ መብላትም ተሰበከ። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አዋጁና ሕጉ ይህን ካሉ ቆዩ። ሲኒው ግን በየቤቱ ገና ወደኋላ የቀረበት አለ። ይህን ስል የሚከፋው ሰው ካለ ይቅርታ ይደረግልኝ፤ ግን ውሸት ነው የሚለኝ የለም።

እኔን ተመልከቱኝ። ቡናዬን የማፈላበትን ከሰል ጫካ ድረስ ሄዳ፣ በጀርባዋ ተሸክማ የምታመጣልኝ የማንጆ ሴት ናት። ስንት ዓመት አመጣችልኝ! ገንዘቧን ሰጥቼ እሸኛታለሁ። አንድም ቀን "ተቀመጪና ቡና ጠጪ" ብያት አላውቅም ነበር። ክፋት አስቤ አይደለም፤ ነገሩ ትዝም አይለኝ። እናቴ እንዲህ ስታደርግ ነው ያየሁት። ልጆቼም እኔ እንዲህ ሳደርግ አዩ። እንግዲህ ልጄ ነገ ቢሮ ገብታ አንዷን "ሰው አለው" ብትላት ማንን ልቆጣ ነው? ያቺ ልጅ ከሄደች በኋላ ከሰል ያመጣችልኝን ሴት አስቀመጥኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች። "ደንበኞችሽ ይቆጣሉ" አለችኝ። እነሱ በሚጠጡበት ሲኒ ቀዳሁላት። ሁለት ሰዎች ተነሥተው ሄዱ፤ ከሁለቱ አንዱ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሌሎቹ ዝም ብለው ጠጡ። ሰማይ አልተደፋም።

የቡና መገኛ ነን እንላለን። ለቡና ሙዚየም የተሠራበት ከተማ ነው ያለን። የካፋ ጫካም በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቦ ስማችን በዓለም ተጠርቷል። እንግዳ ሲመጣ "ቡና ከዚህ ነው የወጣው" ብለን እንኮራለን። ያቺ ልጅ ግን ከቡና አገር ስትሄድ ቡናዋን ብቻዋን በፔርሙስ እየጠጣች ነው የሄደችው። ይህ ያሳፍራል።

ወገኖቼ፣ ወቀሳ ብቻ አቅርቦ መቀመጥ የጸሐፊ ሥራ አይደለም። ኮሚቴው ካየው በኋላ የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የመተዳደሪያ ደንባችን ይሻሻል። "በሠፈሩ ቤት ያለው" የሚለው "በሠፈሩ የሚኖር" ይባል። ተከራይ ወጣት ሠራተኞች ከወርሃዊው መዋጮ ግማሹን ከፍለው አባል ይሁኑ። ሲዛወሩ ይሰናበቱ፤ እስካሉ ድረስ ግን ሲታመሙ እንጠይቃቸው፣ ወላጅ ሲሞትባቸው ለቅሶ እንድረስላቸው። እኛ ቤት ያለንን ብቻ ለይተን ከተቀመጥን የዛፉን ቡድን የምንወቅስበት አፍ የለንም። "ገንዘባችንን በልተው ይሄዳሉ" የሚል ስጋት አለ። ሒሳብ ሹማችን እንዳሰሉት ለሕመም መጠየቂያ የምናወጣው ከሚያዋጡት አይበልጥም። ወጣት ነው፤ ብዙ አይታመምም።

ሁለተኛ፣ ቤት የምታከራዩ ሁሉ አዲስ ሰው ሲገባ በሳምንት ውስጥ ለኮሚቴው አስታውቁ። በመጀመሪያው እሑድ ከጎረቤት አንዱ ቡና ይጥራው። ወጪ የለውም፤ ቡናው ከጓሮ ነው። ሰው መጀመሪያ በሠፈር ከታወቀ ቢሮ ቢገፉት እንኳ የሚመለስበት አለው።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችሁ በመሥሪያ ቤት የሚሠሩ ወላጆች ማታ ስትገናኙ ደመወዝ ገባ ወይ ብቻ አትበሉ። "ዛሬ ከማን ጋር ቡና ጠጣህ? ብቻውን የጠጣ ነበር ወይ?" በሉ። መጀመሪያ ይስቁባችኋል። በሦስተኛው ቀን ያስቡበታል። ልጃችሁ የተገፋ ሊሆንም ይችላልና መልሱን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። "ቻለው" ብላችሁ ብቻ አትሸኙት።

አራተኛ፣ ከኮሚቴው ሁለት አባቶችና አንዲት እናት ተመርጠው በአካባቢያችን ያሉትን መሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ያነጋግሩ። ለክስ አይደለም የሚሄዱት፤ ማንንም በስም አይጠሩም። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው። የሥራ መልእክት በጓደኛሞች ቴሌግራም መሆኑ ቀርቶ ሁሉም በሚያየው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ ደግሞ ሥራውን የሚያሳየውና ከሰው ጋር የሚያስተዋውቀው አንድ ነባር ሠራተኛ ይመደብለት። ባለጉዳይ በሁለት ኩርፍተኞች መካከል ሲንገላታ ያየም ለኃላፊው ለመናገር አይፍራ። ያ ዘበኛ የሠራውን እኛም መሥራት እንችላለን።

አምስተኛው የኔ የግሌ ነው፤ ድምፅ አያስፈልገውም። በኔ ረከቦት ዙሪያ ከእንግዲህ ባዶ በርጩማ "ሰው አለው" አይባልም። የመጣ ይቀመጣል። የማይፈልግ ቆሞ ይጠጣል ወይም ሌላ ቦታ ይሄዳል። ሰባት ሲኒ ይቅርብኝ። ከሰል ሻጯም፣ ዘበኛውም፣ ባለ ዲግሪውም አንድ ዓይነት ሲኒ ነው የሚያገኙት። ይህን ከጀመርኩ አራት ወር ሆኖኛል። አንድ ሰሞን ገበያዬ ቀንሶ ነበር፤ አሁን ተመልሷል። የዛፉና የአጥሩ ቡድንም በዝናብ ምክንያት አንድ ሸራ ሥር ለመቀመጥ ተገደዋል። ገና ብዙ አይነጋገሩም፤ ግን ስኳር ይቀባበላሉ። እኔ ለጊዜው እሱም ይበቃኛል እላለሁ።

ያቺ ልጅ አሁን በአገሯ ሥራ ላይ እንደሆነች አከራይዋ ነግራኛለች፤ ደህና ናት። ልትመለስ አትችልም፤ እኔም ያንን ቀን ልመልሰው አልችልም። ነገር ግን በሚቀጥለው ወር ሌሎች ይመጣሉ። ከዳውሮም፣ ከሸካም፣ ከቤንች ሸኮም፣ ከራሳችን ወረዳዎችም ይመጣሉ። በጓሮአችን ክፍል ይከራያሉ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ብለን የምንተርተው ተረት እውነት ይሁን አይሁን የሚታወቀው ያኔ ነው።

ስለ ደንቡ መሻሻል የቀረበው ሐሳብ ዛሬ ውይይት ይደረግበት፤ ድምፅም ይሰጥበት ብዬ ሊቀ መንበሩን እጠይቃለሁ። የምትቃወሙም ካላችሁ እዚሁ ተነሥታችሁ ተቃወሙ፤ ከስብሰባው በኋላ በየደጁ ለብቻ ተሰብስበን ከምናወራው ይሻላል። እሱ ራሱ ያው የዛፍ ሥር ነገር ነውና።

ከስብሰባው በኋላ ቡና አለ። ሁላችሁም ቆዩ፤ በርጩማ ከጎረቤት አስመጥቻለሁ።